የአያቴ ሉል ተበጠሰ፤ ላሰካው ወይስ ልሽጠው?

ደብዳቤው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። አያታችን ለእናታችን፣ እናታችን ደግሞ ለእኔና ለወንድሜ የተወችው አንድ የሉል ሐብል አለ። አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ከምጽዋ ከመጣ ነጋዴ እጅ ገዛችው ይባላል። ባለፈው የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አድርጌው ክሩ ተበጠሰ። ከወለል ለቅመን 82 ፍሬ አገኘን። የመሐሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወደ ጫፍ እየሄዱ ያንሳሉ። ቀለማቸው ነጭ ሆኖ ወደ ክሬም ያደላል። መቆለፊያው ነጭ ብረት ነው፣ 585 የሚል ቁጥር አለው። መርካቶ ያለ ወርቅ ሰሪ አይቶ ‹መቆለፊያው ወርቅ አይደለም፣ ሉሉም ዋጋ የለውም፤ በአሲድ አጽድቼ በናይለን እሰካልሻለሁ› አለኝ። ከአዲስ አበባ ዕቃ የምታመላልስ አንዲት ሴት ደግሞ በስልክ ፎቶውን አይታ 40 ሺህ ብር እሰጣለሁ፣ ግን እስከ እሑድ ወስኚ ብላኛለች። ወንድሜ ይሸጥ ይላል። እኔ እውነተኛ ይሁን ፌክ እንኳ አላውቅም። ስንት ያወጣል? ራ. ከጅማ»

ራ. እህቴ፣ ለአያታችሁ ነፍስ ይማር።

ከአሲዱ ልጀምር። እሱ ጊዜ አይሰጥም። ሉልሽን አሲድ እንዳታስነኪው! ወርቅ ሰሪው ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ሲሠራ የኖረው ወርቅ ነው፤ ወርቅ ደግሞ እሳት ቢገባ፣ አሲድ ውስጥ ቢነከር አምሮ ይወጣል። ሉል ግን ማዕድን ቆፋሪ ያወጣው ድንጋይ አይደለም። ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር ወይም የወንዝ እንስሳ ስስ ሽፋን በላይ በላዩ እየደራረበ የሠራው ነው። አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትም የተሠራው ከዚሁ ነው። ቅርፊቱን ኮምጣጤ ውስጥ ብትጨምሪው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ሉልም ይሟሟል። የግብጿ ክሊዮፓትራ ሉል በኮምጣጤ አሟሙታ ጠጣች የሚለውን ወሬ የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ነው የተወልን። እውነት ትጠጣው አትጠጣው እንጃ፤ ኬሚስትሪው ግን ያስኬዳል።

ስለዚህ ሎሚም፣ በረኪናም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ወርቅ ቤቶች ያላቸው የሚንቀጠቀጥ ማጠቢያ ማሽንም ይቅርባቸው። ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። በጣም ከቆሸሹ ትንሽ የሕፃን ሳሙና ጨምሪበት። አሁን ክር ላይ ስላልሆኑ ለማጠብ ምቹ ጊዜ ነው። ብቻ ገንዳ ላይ እንዳትሞክሪው። በሳህን ይሁን፣ ከሥሩም ፎጣ ይነጠፍ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። «ስንት ያወጣል?» ብለሽ ጀመርሽ። ወንድምሽም፣ ነጋዴዋም፣ ወርቅ ሰሪውም ከዋጋ ነው የጀመሩት። አራታችሁም ዕቃው ምን እንደሆነ ሳታውቁ ዋጋ ላይ ደርሳችኋል። መጀመሪያ ምንነቱ ይታወቅ። ከዚያ ክሩ ይታሰብ። ዋጋ መጨረሻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ 82 ያልሽው ቁጥር አላማረኝም። መሐሉ ትልቅ ሆኖ ወደ ግራና ቀኝ እየቀነሰ የሚሄድ ሐብል ብዙ ጊዜ መሐል ላይ አንድ ብቸኛ ትልቅ ፍሬ አለው፤ የቀሩት ጥንድ ጥንድ ናቸው። ስለዚህ ጠቅላላው ጎዶሎ ቁጥር ይሆናል። እናንተ ያገኛችሁት ጥንድ ቁጥር ነው። ሁሌ እንዲህ ነው አልልሽም፤ ግን አንድ ፍሬ ሳይቀር አይቀርም። የቀሚስሽን ውስጥ፣ ቦርሳሽን፣ ሠርጉ የነበረበትን ቤት የሶፋ ሥር አስፈልጊ። ሲጠረግ ከወጣ ወጣ ነው።

እውነተኛ ነው ወይስ ፌክ የሚለውን ግማሹን ራስሽ ቤት ውስጥ ትጨርሺዋለሽ። ቀን ላይ መስኮት አጠገብ ነጭ ጨርቅ ዘርግተሽ ፍሬዎቹን አስቀምጪ። የአምፖል ብርሃን ያታልላል። ከዚያ ዝም ብለሽ እያቸው። እውነተኛ ሉል ተመሳስሎ ቢመረጥም ፈጽሞ አንድ አይሆንም። አንዱ ትንሽ ይሞላል፣ ሌላው ጎኑ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለው፣ ሌላው ወደ ሮዝ ያደላል። ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ እንደወጡ ክኒኖች ልክ አንድ ዓይነት ከሆኑ ጠርጥሪ።

ቀጥሎ ቀዳዳውን እይ። ዋናው ወሬ ያለው እዚያ ነው። ሰዓት የሚጠግን ሰው ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ ተዋሺ፤ አሥር እጥፍ የምታጎላ ብትሆን ጥሩ ነው። አርቴፊሻል ሉል ከውስጥ ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ከላይ የተቀባው ቀለም ነው። ቀለሙ መጀመሪያ የሚነሳው ቀዳዳው አፍ ላይ ነው። የተላጠ፣ የተቀረፈ፣ ቀለም ተጠራቅሞ ያበጠ ጠርዝ ካየሽ አለቀ፣ ፌክ ነው። እውነተኛው ላይ ቀዳዳው ጥርት ያለ ጠርዝ አለው። አንዳንዴ ወደ ውስጥ ስታዪ ክብ መስመር ይታይሻል፦ ከውጭ ሽፋኑ፣ ከውስጥ ሌላ ነገር። ያቺን መስመር ካየሽ አስታውሺያት፤ ወደ በኋላ እመጣባታለሁ።

ሌላው ማሻሸት ነው። ሁለት ፍሬ ይዘሽ ቀዳዳው አጠገብ በቀስታ እርስ በርሳቸው አሻሺ። እውነተኛ ከሆነ ደቃቅ አሸዋ ያለበት ይመስል ይሻክራል፤ ጥቂት ነጭ ዱቄት ሊወጣም ይችላል። በጣትሽ ስትጠርጊው ገጹ እንደነበረው ይሆናል። አርቴፊሻሉ ያንሸራትታል። በጥርስ መሞከር የሚባለውም ይኸው ነው፤ የፊት ጥርስ ጠርዝ ላይ ሲታሽ እውነተኛው ይሻክራል። ይሠራል፣ ግን ሠርግ ቤት ወለል ላይ የተንከባለለ ነገር አፍ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። በላይተር አቃጥሎ ማየት፣ በመርፌ መጫር የሚሉሽን አትስሚ። ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ፍሬው ተበላሸ ማለት ነው። «ከቀዘቀዘ እውነተኛ ነው» የሚሉም አሉ። ብርጭቆም ይቀዘቅዛል። ክብደት የሚጠቅመው ፕላስቲክን ለመለየት ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ እጅ ላይ ባዶ ነው።

መቆለፊያው ላይ ወርቅ ሰሪው የተሳሳተ ይመስለኛል። 585 ማለት ከ1000 እጅ 585ቱ ወርቅ ነው፤ 14 ካራት ይባላል። እኛ አገር ዓይናችን የለመደው 18 እና 21 ካራት ነው፤ በዚያው አቆጣጠር 750 እና 875 ማለት ነው። ነጭነቱም አያስደንግጥ። ወርቅ ከፓላዲየም ወይም ከኒኬል ጋር ሲቀላቀል ይነጣል፣ ነጭ ወርቅ የሚሉት እሱን ነው። ማኅተም ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። ሌላ ወርቅ ቤት ወስደሽ አስፈትኚው። ግን መቆለፊያውን ብቻ ነው የምትወስጂው። እነሱ ድንጋይ ላይ ጭረው አሲድ ስለሚያንጠባጥቡ ሉሉ ቤት ይቅር። ወርቅ መሆኑ ከተረጋገጠ ስለ ፍሬዎቹም ጥሩ ምልክት ነው። የፕላስቲክ ሉል ላይ የወርቅ መቆለፊያ የሚያስር ሰው ብዙ የለም።

የምጽዋው ወሬ ባዶ አይደለም። ከምጽዋ ፊት ለፊት ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ከጥንት ጀምሮ ጠላቂዎች ሉል ሲያወጡባቸው የኖሩ ናቸው። ሆኖም ከምጽዋ የመጣ ነጋዴ ሁሉ የምጽዋ ሉል ይዞ ይመጣል ማለት አይደለም። ምጽዋ ወደብ ነች። የዓለም ዕቃ ይራገፍባታል።

እዚህ ጋ ታሪኩን ትንሽ ላውራሽ፣ ዋጋው የሚገባሽ በዚህ ነውና። ድሮ ሉል የሚገኘው በዕድል ብቻ ነበር። ጠላቂ ወርዶ ዛጎል ይለቅማል፤ ከብዙው ውስጥ አንዱ ላይ ሉል ይገኛል፤ የተፈጥሮ ሉል የሚባለው ይኼ ነው። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ኮኪቺ እ.ኤ.አ. በ1893 ዛጎሉን በሰው እጅ ሉል ማሠራት እንደሚቻል አሳየ። የመጀመሪያው ግማሽ ክብ ነበር፤ ሙሉ ክቡ በ1920ዎቹ ገበያ ወጣ። አሠራሩ ይኼ ነው፦ ከወንዝ ዛጎል የተፈለፈለች ክብ ፍሬ ከትንሽ የዛጎል ሥጋ ጋር ሕያው ዛጎል ውስጥ ትገባለች፤ እንስሳው በላይዋ ላይ ሽፋኑን ይደራርባል። ቀዳዳው ውስጥ የምታዪው መስመር የዚች ፍሬና የሽፋኑ ድንበር ነው። ይህ የእርባታ ሉል ይባላል። ፌክ አይደለም፣ እውነተኛ ሉል ነው። ብቻ ብርቅ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ቻይና በጨው አልባ ውሃ ውስጥ የምታረባው ገበያውን አጥለቅልቆታል፤ የእሷዎቹ አብዛኞቹ ውስጣቸው ፍሬ ስለማይገባ መስመር አይታይባቸውም።

ይህ ዋጋውን ምን እንዳደረገው በአንድ ሐብል ላሳይሽ። እ.ኤ.አ. በ1917 ካርቲዬ የሚባለው የፈረንሳይ ጌጣጌጥ ቤት ኒው ዮርክ አምስተኛው ጎዳና ላይ ያለውን ሕንፃ ያገኘው በሁለት ረድፍ የተፈጥሮ ሉል ሐብል ለውጦ ነው። ሐብሉ 1 ሚሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ ያው ሐብል ጨረታ ላይ ሲወጣ 200 ሺህ ዶላር እንኳ አልሞላም። የካርቲዬ ሱቅ አሁንም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት የነበረ አንድ የተፈጥሮ ሉል ከአልማዝ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2018 ጄኔቫ ላይ 36 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። «ሉል እኮ ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ዘመድ ሲመጣብሽ የሚያወራው ስለዚህኛው ነው። የእናንተ ግን የንግሥት ስም የለውም።

ከነገርሽኝ ተነስቼ ልገምት ካልሽኝ፣ የጃፓን አኮያ የሚባለው የእርባታ ሉል ይመስለኛል። መሐሉ ትልቅ ጫፉ ትንሽ የሆነ ሐብል በአያትሽ ዘመን ፋሽን ነበር። የጃፓን ሉልም በጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓለምን አዳርሶ ነበር። ይኼ ሳላይ የምሰጠው ግምት ነው። ግምቴን የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ፦ ቀዳዳው። የተፈጥሮ ሉል በክብደት ይሸጥ ስለነበር የጥንት ሠራተኞች ፍሬው እንዳይቀልባቸው በጣም ጠባብ ቀዳዳ ነበር የሚበሱት። የእርባታው ሰፋ ይላል። አብዛኞቹ ፍሬዎች ላይ ቀዳዳው ቀጭን መርፌ እንኳ የማያስገባ ከሆነ፣ መስመርም ካልታየሽ፣ ቅርጻቸውም የተዘበራረቀ ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ያኔ ማንም በዓይኑ አይቶ የሚነግርሽን አትቀበዪ። የተፈጥሮውን ከእርባታው በርግጠኝነት የሚለየው ውስጡን የሚያሳይ ኤክስሬይ ነው። ሆስፒታል ወስደሽ እንዳትሰለፊ! ለዚሁ የተሠራ መሣሪያ ያለው የጌጥ ድንጋይ ላብራቶሪ ነው የሚያስፈልግሽ። ባሕሬን ውስጥ ዳናት የሚባል ተቋም አለ፣ ሥራው በተለይ ሉል ነው። ጂአይኤ የሚባለው የአሜሪካ የጌጥ ድንጋይ ተቋምም ይመረምራል። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በሚታመን ሰው እጅ ይሁን፤ ሲወጣም ጉምሩክ ላይ ይመዝገብ። ምልክቶቹ ከሌሉ ግን ለዚህ ገንዘብ አታውጪ።

ወደ ክሩ እንምጣ። ናይለኑን እምቢ በዪ። ወርቅ ሰሪው የሚያስበው ያንን የዓሣ ማጥመጃ የሚመስል ወፍራም ነጠላ ናይለን ከሆነ፣ ቋጠሮ አይዝም፤ ይፈታል። አንገት ላይም ግትር ብሎ ይቆማል። የሉል ክር ሐር ነው። ሐር ለስላሳ ነው፣ ቋጠሮ ይይዛል፣ ሉሉ አንገት ላይ ይወርዳል። በየፍሬው መሐል ደግሞ አንድ አንድ ቋጠሮ ይገባል። ቋጠሮው ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተፋጭተው እንዳይላጩ ያደርጋል። ክሩ ቢበጠስ ደግሞ የሚወድቀው አንድ ፍሬ ነው። የአያትሽ ሐብል ቋጠሮ ቢኖረው ኖሮ በሠርጉ ቀን ወለል ላይ ተንበርክካችሁ ባልዋላችሁ። ምናልባት ከዚህ በፊት ቸኩሎ የሰካው ሰው አለ።

ልብስ ሰፊዎች ሠፈር «ሐር» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው። ጫፉን አቃጥለሽ እይ፤ ክርን ማቃጠል ይፈቀዳል። ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሲነኩት አመድ ሆኖ ይፈረፍራል። ፖሊስተር ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠጣር ጉብታ ይሠራል። ለሉል ተብሎ የሚሸጠው ሐር ካርቶን ላይ ተጠቅልሎ ይመጣል። ርዝመቱ 2 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ቀጭን የሽቦ መርፌ ተያይዟል፣ ውፍረቱም በቁጥር ተጽፏል። 4 ቁጥር 0.60 ሚሊ ሜትር ነው፣ 2 ቁጥር 0.45። የምትመርጪው በትንሿ ፍሬ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ጠበቅ ብሎ የሚያልፍ ይሁን። አንድ ካርቶን ለአንድ ሐብል ይበቃል፤ ሁለት ግዢ። ጅማ ካጣሽ ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሰው አስመጪ። ካልተገኘ፣ ለዶቃ ተብሎ የሚሠራ ባለ ብዙ ድርና ለስላሳ የናይለን ክር አለ፤ ከዓሣ ማጥመጃው ጋር አንድ አይደለም፣ ይሆናል።

እጅሽ ስፌት የለመደ ከሆነ ራስሽ ትሰኪዋለሽ። ተስቢህና መቁጠሪያ የሚሰኩ ሰዎችም አሉ፤ ግን አብዛኞቹ በየፍሬው ቋጠሮ ማስገባት አልለመዱም። ሥራው ዋጋ ያለው ቋጠሮው ላይ ነውና አስረድተሽ ስጪ፣ ቆጥረሽም ስጪ።

ራስሽ ከሆንሽ፣ መጀመሪያ ፎጣ ላይ ደርድሪ። ትልቁን መሐል አስቀምጪ፣ ከዚያ ተቀራራቢዎቹን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ። ዓይንሽ ካልለየ ከጋራዥ ካሊፐር ተዋሺና ለኪ። ሰልፉ ከተስተካከለ በኋላ ፎጣውን ማንም አይንካ፤ በተለይ ልጆች። ክሩን ቀላል ነገር አንጠልጥለሽበት አሳድሪው፤ ሐር ሲለበስ ስለሚለጠጥ ቀድሞ ይለጠጥ። በርካሽ ጨሌ ላይ እጅሽን አፍታቺ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የአያትሽን ሉል ይዘሽ አትጀምሪ።

ቋጠሮው ተራ ቋጠሮ ነው። ምስጢሩ ፍሬው ላይ መጠጋቱ ነው። ለዚህ ከወስፌ የተሻለ መሣሪያ አላየሁም። ክሩን ላላ አድርገሽ ትቋጥሪያለሽ፣ ቋጠሮው ሳይጠብቅ የወስፌውን ጫፍ ውስጡ ታስገቢያለሽ፣ ወስፌውን እየገፋሽ ቋጠሮውን እስከ ፍሬው ቀዳዳ አፍ ድረስ ትነጂዋለሽ። ሲደርስ ወስፌውን ታወጪና በጥፍርሽ ትገፊዋለሽ። ክፍተት ከቀረ ሳይጠብቅ ፍቺና ድገሚው። ሐር ላይ አንዴ ከጠበቀ አይፈታም፤ ስለዚህ ሳትቸኩዪ። ቋጠሮው በቀዳዳው ገብቶ ካለፈ ክሩ ቀጥኗል ማለት ነው፤ ከፍ ያለ ቁጥር ውሰጂ።

መቆለፊያው ጋ ክሩ ብረት ላይ ስለሚፋቅ ቶሎ የሚበጠሰው እዚያ ነው። ደንበኛ ሠራተኞች ክሩን በደቃቅ የሽቦ ጥቅልል ውስጥ ያሳልፉታል። ጥቅልሉን ካገኘሽ ተጠቀሚ። ከዚያ የክሩን ጫፍ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬዎች ውስጥ መልሰሽ አሳልፊና ቆርጠሽ ጨርሺ። ሱፐር ግሉ አታድርጊ፤ ክሩን ያደርቀዋል፣ ከዚያ እንደ ጭራሮ ይሰበራል።

ጎደለ ያልኩሽን ፍሬ በተመለከተ፣ ካልተገኘ አዲስ ፍለጋ አትድከሚ። ቀለሙ የሚገጥም ማግኘት ከባድ ነው። የወደቀችው ከጫፎቹ አንዷ ከሆነች ችግር የለም፤ አይታወቅም። ከመሐል ከሆነች ጥንዷን አውጥተሽ ሐብሉን አመጣጥኚው። የወጣችውን ግን አትጣያት።

ወደፊት ከነክሩ ስታጥቢው አግድም አስተኝተሽ አድርቂው፤ መስቀል የለም። የጅማ ክረምት እንደምታውቂው ነው፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ቸኩለሽ ሳጥን ውስጥ ብታስገቢው ክሩ ይሻግታል። ፌስታል ውስጥም አይታሰር። ከወርቅ ጋር አንድ ላይ አይቀመጥ፤ ይጭረዋል። ሽቶና የፀጉር ቅባት ከሐብሉ በፊት ይቀቡ። ፀጉርሽን ቅቤ ከተቀባሽ በዚያን ቀን ሌላ ሐብል አድርጊ። ቅቤ ሐር ውስጥ ገብቶ አቧራ ይሰበስባል፤ ክሩ የሚጠቁረው በዚያ ነው። አዘውትረሽ ካደረግሽው በየዓመት ሁለት ዓመቱ ክሩን ቀይሪ።

አሁን ሽያጩ። ወርቅ ቤት ሉል አይገዛም፤ የሚመዝነው መቆለፊያውን ነው። ነጥለሽ እንዳትሸጪው። ትንሽ ግራም ናት፤ ሐብሉ ግን ያለ እሷ ዘመኑንም መልኩንም ያጣል። አዲስ አበባ የጌጥ ድንጋይ ነጋዴዎች አሉ። አብዛኞቹ እጃቸው የተፈታው በወሎ ኦፓልና በሻኪሶ ኤመራልድ ነው። ኦፓል ያወቀ ሁሉ ሉል ያውቃል ማለት አይደለም። ጠይቂያቸው፣ አንድ ሰው የነገረሽን ግን የመጨረሻ አታድርጊው።

ለእርባታ ሉል ዋጋ ዋናው ነገር አንጸባራቂነቱ ነው። ፍሬውን መስኮት ፊት ያዢው። የመስኮቱ ጠርዝ ላዩ ላይ ጥርት ብሎ ከታየ ጥሩ ነው፤ ደብዝዞ የነጭ ጉም ብቻ ከሆነ ዋጋው ወርዷል። ከዚያ መጠኑ፣ ክብነቱ፣ የገጹ ንጽሕና፣ የሽፋኑ ውፍረት፣ እርስ በርስ መመሳሰላቸው ይታያል። የተለበሰ የአኮያ ሐብል፣ በተለይ ጫፎቹ ትንንሽ የሆኑት፣ ውጭ አገር የሚሸጠው ብዙ ጊዜ በመቶዎች ዶላር እንጂ በሺዎች አይደለም። ይህን ስሰማ ሆዴ ትንሽ ይባባል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ በዛሬ ምንዛሪ ስታሰዪው የሴትየዋ 40 ሺህ ብር የሚያስከፋ አይደለም። የእርባታ ከሆነ ጥሩ ዋጋ ነው። የተፈጥሮ ከሆነ መዘረፍ ነው። ፌክ ከሆነ ደግሞ አንቺ ነሽ እሷን የምትዘርፊው።

እኔን ያጠራጠረኝ ብሩ ሳይሆን እሑድ የሚለው ነው። ፎቶ ላይ ቀዳዳ አይታይም። በፎቶ ብቻ አይቶ ያን ያህል የሚሰጥ ሰው ወይ ይቆምራል፣ ወይ የሚያውቀው ነገር አለ። «ምን ብለሽ ነው የምትገዢው?» ብለሽ ጠይቂያት። መልሷን ስሚ። «የተፈጥሮ ነው» ካለችሽ ላብራቶሪ ይምጣ። «ልውሰደውና ለሰው ላሳየው» ካለችሽ አይሆንም በያት፤ ማየት የሚፈልግ ፊትሽ ይይ።

ለማንም ከማሳየትሽ በፊት ከወንድምሽ ጋር ቁጭ በሉ። ፍሬዎቹን አብራችሁ ቁጠሩ፣ ከማስመሪያ አጠገብ ፎቶ አንሱ፣ ወረቀት ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙ። ከስንት በታች እንደማትሸጡም አሁኑኑ ተስማሙ። ሐብሉ የሁለታችሁ ነው፤ አንዳችሁ ብቻችሁን ብትሸጡት ብሩ ሲያልቅ ጠቡ ይቀራል። ቤተሰብ ውስጥ ሐብሉን የምትፈልግ ሴት ወይም የምታገባ የአጎት ልጅ ካለች፣ መጀመሪያ እሷን ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። ሉል ከነጋዴ ይልቅ የሚለብሰው ሰው ነው ጥሩ የሚከፍልበት። ለሁለት ከፍለን አምባርና ሐብል እናድርገው የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ የማትሸጡት ከሆነ ብቻ አድርጉት፤ ተከፋፍሎ ዋጋው ይቀንሳል።

ለገዢ ስታሳዪው ሙሉውን ቋጠሮ ገና አታስገቢበት። ቀዳዳውን ማየት የሚፈልግ ገዢ ቋጠሮ ይጋርደዋል። በተራ ክር ለጊዜው በቅደም ተከተል ሰክተሽ አሳዪ። ከሸጥሽው ገዢዋ እንደ አንገቷ ልክ ታሰካዋለች፤ ካልሸጥሽው በሐር ትሰኪዋለሽ። የምታውቂውን ብቻ ንገሪ፦ «የእርባታ ይመስላል፣ ላብራቶሪ አልታየም፣ መቆለፊያው 14 ካራት መሆኑ ተፈትኗል።» የምጽዋውን ታሪክም ንገሪ፣ ግን እንደ ቤተሰብ ወሬ እንጂ እንደ ማስረጃ አይሁን።

ለሴትየዋ «ዕቃውን እያስፈተሽኩ ነው፣ ስጨርስ እደውልልሻለሁ» በያት። እሑድ ካለፈ ቀረ ካለች ይቅር። ፈተናው የእርባታ ነው ካለሽና እሷም በዚያው ዋጋ ከቆመች ሽጪላት። ብቻ ብሩ አካውንትሽ ውስጥ መግባቱን ራስሽ ሳታዪ ሐብሉን ከእጅሽ አታውጪ፤ የባንክ መልእክት ነው ብላ ስልኳ ላይ የምታሳይሽ አይበቃም።